ልጃችሁ ከጀርባ ኦፕሬሽን በኋላ ቤት ሲገባ፦ ኢንፌክሽንን ለመከላከል ወላጆች ማወቅ ያለባችሁ

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ ብለን ብዙ ወላጆች በጭንቀት ስለሚያልፉበት ግን በአማርኛ እምብዛም ስለማይነገርለት የጤና ጉዳይ እናወራለን። ስኮሊዮሲስ ያለባቸው ታዳጊዎች ጀርባቸውን ኦፕሬሽን ካደረጉ በኋላ ቁስሉ ኢንፌክሽን እንዳይዝ ምን ይደረጋል? በተለይ ደግሞ ከዚህ ውስጥ የሐኪሙ ሥራ የትኛው ነው፣ የኛ የቤተሰቡ ሥራስ የትኛው ነው?

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። የ14 ዓመት ልጅ ናት። ጀርባዋ ተቀዶ፣ ብረት ገብቶላት ከሆስፒታል ወጥታለች። ኦፕሬሽኑ ከተደረገ ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው። እናት ማታ ከሥራ ስትገባ ልጅቷ «እማዬ፣ ፒጃማዬ ከጀርባው ረጠብ አለ» ትላታለች። እናት ታያለች፤ ውሃ የመሰለ ትንሽ ፈሳሽ ነው። ትኩሳት የላትም። ራቷን በልታለች፣ ስልኳን እያየች ትስቃለች። እናት ታስባለች፦ «አሁን ለዚች ብዬ በዚህ ሌሊት ሐኪም ላስቸግር? ቀጠሮዋ እኮ የሚቀጥለው ሳምንት ነው።» መሳቢያው ውስጥ ደግሞ አምና ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሞክሳሲሊን አለ።

ያቺ እናት ያን ማታ የምትወስነው ነገር ልጅቷን ከሁለተኛ ኦፕሬሽንና ከሳምንታት የደም ሥር መድኃኒት ሊያድናት ይችላል፤ ወይም ወደዚያው ሊመራት ይችላል። ዛሬ የምናወራው በሙሉ እዚያ ማታ ላይ የሚያርፍ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር፦ ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው እንጂ የልጃችሁን ሐኪም አይተካም። የሆስፒታላችሁ መመሪያ ከዚህ ጋር ከተለያየ የእነሱን ተከተሉ።

ስኮሊዮሲስና ኦፕሬሽኑ ባጭሩ

ስኮሊዮሲስ ማለት የአከርካሪ አጥንት ወደ ጎን መጣመምና አብሮም መጠማዘዝ ነው። በራጅ ሲለካ ጥመቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ ስኮሊዮሲስ ይባላል። በጉርምስና ዕድሜ ከሚገኙ ልጆች ከ100 ውስጥ 2 ወይም 3 የሚሆኑት ይኖርባቸዋል። አብዛኛው ቀላል ነው፤ ክትትል ብቻ ይበቃዋል። ጥመቱ ከፍ ሲልና ልጁ ገና በማደግ ላይ ከሆነ ብሬስ የሚባለው ደጋፊ ልብስ ይታዘዛል። ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ነው ብዙውን ጊዜ የኦፕሬሽን ነገር የሚነሳው። ከባዱ ደረጃ ላይ የሚደርሱት ደግሞ በብዛት ሴቶች ልጆች ናቸው።

ምክንያቱ የማይታወቀው ዓይነት ይበዛል። ይህን ልብ በሉ፦ ቦርሳ በአንድ ትከሻ ስለተሸከመች አይደለም፣ አቀማመጧ ስለተበላሸ አይደለም፣ እናቷ በሕፃንነቷ ስላዘለቻትም አይደለም። ሌላው ዓይነት ከሴሬብራል ፖልሲ፣ ከጡንቻ መድከም በሽታ ወይም ሲወለድ ከነበረ የሕብለ ሰረሰር ችግር ጋር የሚመጣ ነው። የኢንፌክሽን ጉዳይ ላይ ስንደርስ ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው።

በኦፕሬሽኑ ሰርጀኑ ጀርባውን በረጅሙ ከፍቶ በአከርካሪ አጥንቶቹ ውስጥ ብሎኖች ያስገባል፤ ብሎኖቹን በሁለት የብረት ዘንጎች ያያይዛል፤ ከዚያ አጥንቶቹ እርስ በርሳቸው እንዲጣበቁ በላያቸው የአጥንት ፍርፋሪ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። አጥንቱ በደንብ እስኪጣበቅ ደግሞ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይወስዳል።

የዚህ ቁስል ኢንፌክሽን ለምን ይለያል?

እጃችንን ቢላ ሲቆርጠን ትንሽ መግል ይዞ ይድናል። ሰውነታችን ወታደሩን በደም በኩል ልኮ ባክቴሪያውን ይገድላል። ብረት ላይ ግን ደም አይዘዋወርም። ባክቴሪያ ብረቱ ላይ ከተለጠፈ በራሱ ዙሪያ እንደ ሙጫ ያለ ሽፋን ይሠራል፤ ባዮፊልም ይባላል። ወንዝ ውስጥ ያለ ድንጋይ ላይ የሚያዳልጠውን ነገር አስቡት፣ እንደዚያ ነው። እዚያ ሽፋን ውስጥ ከገባ በኋላ የሰውነት መከላከያም አይደርስበትም፣ አንቲባዮቲክም በቀላሉ አይገድለውም።

ስለዚህ ጨዋታው በሙሉ የጊዜ ጨዋታ ነው። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ቤቱን ሳይሠራ መቅደም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ምን ያህል ያጋጥማል? ምክንያቱ የማይታወቅ ስኮሊዮሲስ ኖሮባቸው ሌላ ሕመም በሌለባቸው ታዳጊዎች ላይ ኢንፌክሽን ከ100 ኦፕሬሽን በ1 ወይም በ2 ያህሉ ላይ ነው የሚታየው። እንደ ሴሬብራል ፖልሲ ያለ ሕመም ባለባቸው ልጆች ግን ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ከ100 ከ10 በላይ የሚደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። ለዚህ ምክንያቱ የሰውነት መቀነስ፣ ሽንትና ሰገራ አለመቆጣጠር፣ የኦፕሬሽኑ መርዘምና የሚፈሰው ደም መብዛት ነው።

የሚያስገርመው ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ባክቴሪያ ከውጭ የመጣ ባዕድ አይደለም። በልጁ ቆዳና አፍንጫ ላይ በሰላም የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ነው። ሌላው ደግሞ የጉርምስና ብጉር ላይ የሚገኘው ባክቴሪያ ነው። ጠላት ከቤት ነው እንደሚባለው። መከላከሉም ከዚያው ከቤት የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ከኦፕሬሽኑ በፊት፦ የቤት ሥራው እዚህ ይጀምራል

እ.ኤ.አ. በ2013 የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት አከርካሪ ሰርጀኖችና የኢንፌክሽን ባለሙያዎች ተሰባስበው በጣም ለሚጋለጡ ልጆች 14 ነጥብ ያለው የመከላከያ መመሪያ አውጥተው ነበር። ከነጥቦቹ የተወሰኑት ኦፕሬሽን ክፍል ከመገባቱ በፊት የሚሠሩ ናቸው። የኛን ቤት የሚመለከቱትን እንያቸው።

መታጠቢያው። ብዙ ሆስፒታሎች ክሎርሄክሲዲን የተባለ የጀርም ማጥፊያ ሳሙና ወይም እርጥብ ጨርቅ ይሰጣሉ፤ ቢያንስ በዋዜማው ማታ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ጠዋት እንድትታጠቡበት። ከአንገት በታች ነው፤ ዓይን፣ ጆሮና ብልት ውስጥ አይግባ። ከታጠቡ በኋላ ሎሽን፣ ቫዝሊን፣ ሽቶ፣ ዲዮድራንት አይቀባም። ልብሱም አንሶላውም የታጠበ ይሁን። ታዳጊ ልጅ «ታጠብኩ» ብሎ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊወጣ እንደሚችል ታውቃላችሁ፤ ጀርባው ላይ መድረሱን አረጋግጡ።

ጸጉር። በኛ ቤት የተለመደ ነገር አለ፤ ልጅቷ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ትሠራ፣ ቅቤ ትቀባ። ቅቤውና ቅባቱ ግን ወደ አንገትና ጀርባ ይወርዳል፣ ቁስሉ ደግሞ ወደ አንገት የሚጠጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጸጉሩ በደንብ ታጥቦ፣ ያለ ቅባት፣ ወደ ላይ መያዝ በሚችል መልክ ይሠራ። ሰው ሠራሽ ጸጉር ካለ ቀድማችሁ ነርሷን ጠይቁ። ጀርባ ላይ ያለ ጸጉርን በምላጭ መላጨት ፈጽሞ አያስፈልግም። ምላጭ ለዓይን የማይታይ ጭረት ይፈጥራል፣ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ካስፈለገ እነሱ በመቁረጫ ማሽን ያነሱታል።

ብጉርና ትናንሽ ቁስሎች። ጀርባ ላይ የበዛ ብጉር ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ከሳምንታት በፊት ሊታከም ይችላል። የተነከሰ ቦታ፣ የተቧጨረ ቁስል፣ የጥርስ ሕመም፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ሳል፣ ትኩሳት፣ ሁሉም ይነገር።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ቀጠሮው ስንት ወር ተጠብቆ፣ አባት ከሥራ ፈቃድ ለምኖ፣ አያት ከአገር ቤት መጥተው፣ በዋዜማው ልጁ ሲያስል «አትናገር፣ ይሰርዙብናል» የሚል ቤተሰብ አለ። አንፈርድም፣ ጭንቀቱ ይገባናል። ግን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም»። በሁለት ሳምንት የተላለፈ ኦፕሬሽን ጉዳቱ ትንሽ ነው። በኢንፌክሽን ላይ የገባ ብረት ግን ዓመት ሊያስለቅስ ይችላል።

የፔኒሲሊን አለርጂ። ይህን ነጥብ ብዙ ሰው አያውቀውም። በእንዲህ ዓይነት ኦፕሬሽን የሚመረጠው አንቲባዮቲክ ሴፋዞሊን ይባላል። «ልጄ ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚል ቃል ፋይል ላይ ከሰፈረ አንዳንድ ሐኪሞች ወደ ሌላ፣ ያን ያህል ወዳልጠነከረ አማራጭ ሊሄዱ ይችላሉ። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው ከ10 አሜሪካውያን 1 ገደማ ፔኒሲሊን አይስማማኝም ይላል፤ በትክክል አለርጂ ያለባቸው ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ «አለርጂ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ምን ሆነች? ሆዷን አመማት? ሽፍ አለባት? ፊቷ አብጦ መተንፈስ አቃታት? ስንት ዓመቷ ነበር? ይህን ዘርዝራችሁ ተናገሩ፤ ካስፈለገ ቀደም ብሎ የአለርጂ ሐኪም ያጣራዋል። እውነተኛ አለርጂ ካለ ደግሞ በፍጹም አይደበቅም።

ምግብ። ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው። የከሳች ልጅ ቁስሏ ቶሎ አይገጥምም። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ ከኦፕሬሽኑ ሳምንታት በፊት ጀምሮ መጠናከር አለበት። የጾም ነገርም ይነሳል። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከኦፕሬሽኑ ወይም ከማገገሚያው ጋር ሊገጥም ይችላል። የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ከጾም ሊያርፍ እንደሚችል የታወቀ ነው። በእስልምናም የታመመ ሰው አይገደድም፣ ሲድን ቀኑን ይተካል። የጾም ምግብ በራሱ ችግር የለበትም፤ ችግሩ ልጅቷ ጾም ነው ብላ በሻይና በዳቦ ብቻ ስትውል ነው። ልጆች ለሃይማኖታቸው ሲሉ ዝም ብለው ሊጎዱ ይችላሉና ጥያቄውን እናንተ አንሱት።

ጭስ። ሺሻም ሆነ ቬፕ፣ ኒኮቲን የቁስልን መዳንና የአጥንትን መጣበቅ ይጎዳል። ታዳጊው ለወላጁ ባይናገር እንኳ ለሐኪሙ ብቻውን እንዲናገር ዕድል ስጡት።

ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ፦ የእነሱ ሥራ

እዚህ እኛ አንገባም፤ ግን የሚደረገውን ማወቅ ጥሩ ጥያቄ ለመጠየቅ ይረዳል። አንቲባዮቲኩ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው 1 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ይሰጣል፤ መጠኑም በልጁ ክብደት ይሰላል። ኦፕሬሽኑ ሲረዝም ሴፋዞሊን በየ4 ሰዓቱ ገደማ ይደገማል። ቆዳው አልኮል ባለበት የጀርም ማጥፊያ ይጸዳል። የልጁ ሰውነት እንዳይቀዘቅዝ ይሞቃል፤ የቀዘቀዘ ሰውነት ጀርምን በደንብ አይዋጋምና። ክፍሉ ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ሰው እንዲቀንስ ይደረጋል። ከመዘጋቱ በፊት ቁስሉ በብዙ ፈሳሽ ይታጠባል፤ ብዙ ሰርጀኖችም ቫንኮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ በዱቄት መልክ ቁስሉ ውስጥ ይነሰንሳሉ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ወላጅ የሚደናገጥበት ነገር ይመጣል። ልጁ ሲወጣ አንቲባዮቲክ አይሰጠውም! «ይህን የሚያህል ኦፕሬሽን ተደርጎ እንዴት አንድ ኪኒን እንኳ አይታዘዝም? ስደተኛ ስለሆንን ነው?» የሚል አለ። አይደለም። አንቲባዮቲኩ ሥራው ቁስሉ ክፍት በነበረበት ሰዓት ደም ውስጥ መገኘት ነው። ከዚያ በኋላ ማራዘሙ መከላከያውን እንደማይጨምር ታይቷል፤ የአሜሪካው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ንጹሕ በሆነ ኦፕሬሽን ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ ተጨማሪ ዶዝ አያስፈልግም ብሏል። አንዳንድ ሆስፒታሎች እስከ 24 ሰዓት ይቀጥላሉ። ከዚያ ያለፈ ግን ጥቅሙ ሳይጨምር ኃይለኛ ተቅማጥና መድኃኒት የተለማመደ ባክቴሪያ ሊያመጣ ይችላል። ኪኒን አለመሰጠቱ ቸልተኝነት ሳይሆን ትክክለኛው አሠራር ነው።

ቤት ከተገባ በኋላ፦ የኛ ተራ

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ታዳጊዎች ከዚህ ኦፕሬሽን በኋላ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ቤት ይላካሉ። ብዙው ኢንፌክሽን ደግሞ ራሱን የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ማለትም ነርሷ ቤቷ ናት፣ ጠባቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

የቁስሉ መሸፈኛ ሐኪሙ ባለው ቀን እንጂ «እስቲ እንየው» ተብሎ አይከፈት። በተከፈተ ቁጥር ጀርም ይገባል። የሚነካው ሰው መጀመሪያ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቢቻል አንድ ሰው ብቻ ይመደብለት። ዳይፐር ለሚጠቀም ልጅ የቁስሉ የታችኛው ጫፍ እንዳይነካካ በየጊዜው ይታይ፣ ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ወዲያው ይደወል።

ሻወር የሚፈቀድበትን ቀን ሐኪሙ ይነግራችኋል። ገንዳ ውስጥ መነከር፣ ዋናና ባሕር ግን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም፣ ለሳምንታት፣ ይቆያል። ጠበልም እንዲሁ። መጸለዩን፣ ማመስገኑን ማንም አይከለክልም፤ ቁስሉ ላይ ማፍሰሱ ግን ሐኪሙ ዘግቷል እስኪል ይጠብቅ። ማር፣ ቅቤ፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም ወይም የተሰጣችሁ ያልሆነ ቅባት ቁስሉ ላይ አይደረግ። አያቶች በፍቅር ነው የሚያመጡት፤ በፍቅር መልሱላቸው።

ጥየቃውስ? የኛ ሰው ሲታመም ቤቱ ይሞላል፤ ይህ ከባህላችን ከሚያኮሩን አንዱ ነው። ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቅ፤ የመጣ ሰው ሲገባ እጁን ይታጠብ፤ ማንም ጀርባዋን አይደባብስ። «ሐኪሙ ነው ያዘዘን» በሉ፣ ማንም አይቀየማችሁም።

ጠይም ቆዳ ላይ ምልክቱ እንዴት ይታያል?

ሆስፒታሉ የሚሰጠው ወረቀት ብዙ ጊዜ «ቁስሉ ከቀላ ደውሉ» ይላል። ይህ ለነጭ ቆዳ የተጻፈ ነው። በኛ ልጆች ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ይልቁንም ዙሪያው ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ጠቆረ ቡናማ ወይም ወደ አመድማ ቀለም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። በታጠበ እጅ ጀርባ፣ ቁስሉን ሳትነኩ፣ ዙሪያውን ከሌላው የጀርባ ክፍል ጋር አነጻጽሩ። ይሞቃል? ያበጠ ወይም የጠነከረ ነው? ሲነካ ከትናንት ይልቅ ያማል?

ጥሩ ዘዴ አለ። መሸፈኛው በሐኪሙ ከተነሳ በኋላ በየቀኑ በአንድ ዓይነት መብራት፣ ከአንድ ርቀት ፎቶ አንሱ። ሁለት ፈረቃ የምትሠሩ ወላጆች ካላችሁ ማን እንዳየ መከራከር ይቀራል፤ ለሐኪሙም ይላካል።

የሚከተሉትን ካያችሁ በዚያው ቀን ለሰርጀኑ ክፍል ደውሉ፦

• ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ ውሃ የመሰለም ቢሆን፤ በተለይ ደርቆ የነበረ ቁስል እንደገና ሲረጥብ
• መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ወይም የስፌቱ መከፈት
• የሚጨምር እብጠት፣ ሙቀት ወይም የቀለም ለውጥ
• ቤት ከገባ በኋላ ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት ከ100.4 በላይ የሆነ ትኩሳት
• እየቀነሰ የነበረ ሕመም ተመልሶ ሲብስ
• ልጁ ያለ ምክንያት ሲደክምና ምግብ እምቢ ሲል

ኦፕሬሽኑ በተደረገ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት የሚመጣ ትኩሳት ግን የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኢንፌክሽን አይደለም። ልጁ ግራ ከተጋባ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ እግሩ ከደከመ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ግን ቀጠሮና ስልክ አይጠበቅም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

መሳቢያው ውስጥ ያለው አሞክሳሲሊን

አሁን ወደዚያች እናት እንመለስ። መድኃኒቱን ብትሰጣት ምን ይሆናል? ምናልባት ፈሳሹ ለጥቂት ቀን ይቀንሳል። ሁሉም ደስ ይላቸዋል። ግን አሞክሳሲሊን ብዙውን የስታፊሎኮከስ ዓይነት አይገድለውም፤ የተለማመደው ነው። ላይ ላዩን ቢያበርደውም ታች ብረቱ ላይ ያለው ሽፋኑን እየሠራ ይቀጥላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ በኋላ ሐኪሙ ከቁስሉ ናሙና ሲወስድ ላቦራቶሪው ላይ ምንም ላይበቅል ይችላል። ጠላቱ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ በጨለማ መተኮስ ይሆናል። ስለዚህ የተረፈ አንቲባዮቲክ፣ ከጎረቤትም ይሁን ከአገር ቤት፣ አይሰጥ። ሳታውቁ ሰጥታችሁ ከሆነም ተናገሩ፤ ማንም አይቆጣችሁም፣ ሐኪሙ ግን ማወቅ አለበት።

ብትደውልስ? ነርሷ ፎቶ ላኪ ልትላት ወይም ነገ ጠዋት አምጪያት ልትላት ትችላለች። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ሆኖ ይገኛል። ኢንፌክሽን ከሆነም በጊዜ ስለተያዘ ሰርጀኑ ቁስሉን ከፍቶ ያጥበዋል፣ ናሙና ይወስዳል፣ ለሳምንታት ትክክለኛው አንቲባዮቲክ ይሰጣል፤ ብረቱም አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ይቆያል። ሲዘገይ ግን ደጋግሞ ኦፕሬሽን ሊያስፈልግ፣ ብረቱ ሊወጣ፣ አጥንቱ ገና ካልተጣበቀ ደግሞ ጥመቱ ሊመለስ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኢንፌክሽን ከወራት፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ያ የብጉር ባክቴሪያ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ትኩሳት ላይኖር ይችላል፤ የጀርባ ሕመም፣ እብጠት ወይም ፈሳሽ የምታወጣ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ልትታይ ትችላለች። ላቦራቶሪም ናሙናውን እስከ 2 ሳምንት ካላቆየው ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ አገር ብትቀይሩ እንኳ ለአዲሱ ሐኪም «ጀርባው ውስጥ ብረት አለ» ማለትን አትርሱ፤ የኦፕሬሽኑን ወረቀትና ራጅ ያዙ። ይህ በተለይ ከአገር ቤት ሳሉ ለታከሙ ልጆች ይጠቅማል። በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት የሠሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ጀርባቸው የተጣመመ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ጋና ወዳለው፣ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ ወደመሠረቱት የፎኮስ ሆስፒታል ልከው እንዲታከሙ አድርገዋል። በዚያ መንገድ ታክሞ አሁን ውጭ የሚኖር ወጣት ካለ ታሪኩን ለአዲሱ ሐኪሙ ማስረዳት አለበት።

ልጅቷ አስተርጓሚ አትሁን

የመጨረሻው ነጥብ ከባክቴሪያ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ግን ይገናኛል። በብዙ ቤት እንግሊዝኛውን፣ ስዊድንኛውን፣ ጀርመንኛውን የሚያውቀው ልጁ ነው። ሐኪሙ ስለ ቁስሉ ለወላጅ ሲያስረዳ የሚተረጉመው ራሱ ታማሚው ይሆናል። የህመም ማስታገሻ ወስዶ፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖ። ከዚህም በላይ ልጅ ወላጁን ላለማስጨነቅ ይቆርጣል፣ ያሳጥራል። «ምን አለ?» ሲባል «ምንም አላለም፣ ደህና ነው አለ» ይላል። «ከረጠበ በዚያው ቀን ደውሉ» የምትለው ዓረፍተ ነገር እዚያ ላይ ትጠፋለች።

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ በሕግ ግዴታው ነው፤ ከአስቸኳይ ሁኔታ በስተቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በአስተርጓሚነት እንዲጠቀምም አይፈቀድለትም። በእንግሊዝም አስተርጓሚ በነጻ ነው። በስልክም ይሆናል። ሌላ አገር ካላችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፤ ከሌለ ቋንቋውን የሚችል ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከሆስፒታል ስትወጡ ደግሞ ሦስት ነገር ሳትይዙ አትውጡ፦ ማታና ቅዳሜና እሑድ የሚሠራው ስልክ ቁጥር፣ መሸፈኛው የሚነሳበት ቀን፣ ገላ መታጠብ የሚፈቀድበት ቀን። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፉት።

ያቺ እናት «ለዚች ብዬ ላስቸግር?» ያለችው ይሉኝታ ይዟት ነው። ይሉኝታ በብዙ ቦታ ያስከብረናል፤ የልጅ ቁስል ላይ ግን ቦታ የለውም። ስልኩ የተሰጣት እንድትደውልበት ነው። አሥር ጊዜ ደውላ ዘጠኙ በከንቱ ቢሆን ማንም አይጎዳም። ያንዷ ቀን ጥሪ ግን የልጅቷን ጀርባ ታድናለች።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወላጆችና ወጣቶች ልምዳችሁን ኮሜንት ላይ አካፍሉን፤ ሌላውን ያስተምራል። ኦፕሬሽን ለሚጠብቅ ቤተሰብ ደግሞ ሼር አድርጉለት። ለታመሙት ሁሉ ምሕረቱን ያውርድልን። በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።